የሜሪላንድ የእግረኛና የብስክሌት ሕጎችን ከረቂቅ እስከ አስፋልት እንዴት እንከታተል?

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዊተን ኖሮ ባስ ይዞ ሥራ የሚሄድ ሰው ጆርጂያ አቬኑን በእግር ማቋረጥ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ አጭር ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ሹፌር ከግራ የሚመጣውን መኪና እያየ ነው እንጂ እግረኛውን አያይም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ "ካውንቲው ምን እየሠራ ነው?" እንላለን። ጥያቄው ልክ ነው፣ የሚጠየቀው አካል ግን ሌላ ነው። ጆርጂያ አቬኑ፣ ኮልስቪል ሮድ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ፣ ቪርስ ሚል ሮድ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ሁሉም የስቴት መንገዶች ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸው የስቴቱ ሀይዌይ መሥሪያ ቤት ነው። የፍጥነት ካሜራ የት መተከል እንደሚችል፣ እግረኛ የገጨ ሹፌር ምን እንደሚቀጣ፣ መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ ስንት ርቀት መተው እንዳለበት የሚወሰነው ደግሞ በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ነው፣ በዓመት ለ90 ቀን በሚሰበሰበው የስቴቱ ምክር ቤት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2022 ብቻ በመላው አሜሪካ ከ7,500 በላይ እግረኞችና ከ1,100 በላይ ብስክሌተኞች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። ሜሪላንድ በ2019 ባወጣችው ሕግ በ2030 የትራፊክ ሞትና ከባድ ጉዳት ዜሮ እንዲሆን ግብ አስቀምጣለች። ግቡ በወረቀት ላይ አለ። ወደ አስፋልቱ የሚወርደው በየዓመቱ በሚቀርቡ ትናንሽ ረቂቅ ሕጎች ነው፤ እኛ ደግሞ በብዛት እግረኞች፣ ባስ ተሳፋሪዎችና ሹፌሮች ሆነን ሳለ ስለእነዚህ ረቂቆች የምንሰማው ካለፉ ወይም ከሞቱ በኋላ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አብዛኛው ረቂቅ ሕግ የሚቀረው ተከራክረውበት ተሸንፎ አይደለም። ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ፣ አስተያየት ተሰምቶበት፣ ከዚያ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ጊዜያችሁ ትንሽ ከሆነ ሁሉም አባላት ድምፅ የሚሰጡበትን ትልቁን አዳራሽ ተዉት። ኮሚቴውን ተከታተሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን እወቁት

የሜሪላንድ ጠቅላላ ምክር ቤት፣ ጄኔራል አሰምብሊ የሚባለው፣ መደበኛ ስብሰባውን የሚጀምረው በየዓመቱ ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ላይ ነው። 90 ቀን ይቆይና ኤፕሪል ላይ ይዘጋል። የመጨረሻዋን ቀን "ሳይኒ ዳይ" ይሏታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ያላለፈ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል። በሜሪላንድ ረቂቅ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሸጋገርም። የሚቀጥለው ጃንዋሪ እንደ አዲስ፣ በአዲስ ቁጥር፣ ከዜሮ ይጀምራል።

በመካከል ልታውቋቸው የሚገቡ ሁለት ጊዜዎች አሉ። አንደኛው ፌብሯሪ መጀመሪያ አካባቢ ያለው የረቂቅ ማቅረቢያ ገደብ ነው። ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ወደ ሩልስ ኮሚቴ ይላካል፣ ከዚያ መውጣት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ማርች ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ የሚውለው "ክሮስኦቨር" ነው። እስከዚያ ቀን ከሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ከሴኔቱ ወይም ከዴሌጌቶች ምክር ቤት፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ ዕድሉ በጣም ይጠባል። የየዓመቱ ትክክለኛ ቀናት ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስብሰባው ሳይጀምር ይወጣሉ። ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

ወኪሎቻችሁ እነማን ናቸው?

ሜሪላንድ 47 የምርጫ ዲስትሪክት አላት። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት ይልካል። ሲደመር 47 ሴናተርና 141 ዴሌጌት ማለት ነው። ሁሉም የሚመረጡት በአራት ዓመት አንዴ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የቤት አድራሻችሁን ስታስገቡ አራቱንም ስም፣ የቢሮ ስልክና ኢሜይል ያሳያችኋል። የፌዴራል ኮንግረስ አባላትንም አብሮ ስለሚያወጣ አታምታቱ። የዋሽንግተኑ ኮንግረስማን ስለ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ዜብራ ምንም አያደርግላችሁም።

ስማቸውን ስታገኙ የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆኑም እዩ። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ።

ረቂቆቹን ማግኘት

ድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ረቂቅ ቁጥር አለው። ከዴሌጌቶች ምክር ቤት የመጣ "ኤችቢ"፣ ከሴኔት የመጣ "ኤስቢ" ብሎ ይጀምራል። አንዳንዱ ረቂቅ በሁለቱም ቤት በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ይህን ክሮስፋይል ይሉታል። ክሮስፋይል ያለው ረቂቅ ሲያጋጥማችሁ ሁለቱንም ቁጥር ያዙ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ሊሄድ ይችላል።

መፈለጊያው ላይ "ባይሲክል" እና "ፔዴስትሪያን" ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። እኛን የሚነኩ ብዙ ረቂቆች ርዕሳቸው ላይ እግረኛም ብስክሌትም የሚል ቃል የለም። የመንገድ ሕግ ረቂቆች ርዕስ ብዙ ጊዜ "ቪሂክል ሎውስ" ብሎ ይጀምራል። የፍጥነት ካሜራ በሕጉ ቋንቋ "ስፒድ ሞኒተሪንግ ሲስተም" ነው። እግረኛውንም ብስክሌተኛውንም መንገድ ላይ የሚሠራውንም ሠራተኛ አንድ ላይ የሚጠራው ደግሞ "ቨልነረብል ኢንዲቪጁዋል" ነው። እነዚህን ሁሉ እየቀያየራችሁ ፈልጉ። ድረ ገጹ ረቂቆችን በርዕሰ ጉዳይም ይመድባል። በሕግ አንቀጽም መፈለግ ይቻላል፤ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ርዕስ ያሳስታል፣ አንቀጽ ግን አያሳስትም። ሁለት አንቀጾችን ብትይዙ ይበቃችኋል፦ በትራንስፖርቴሽን አርቲክል ውስጥ 21-502 ስለ እግረኛና ዜብራ ነው፣ 21-1209 ስለ ብስክሌት ማለፍ ነው።

አንቀጾቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉም ማወቅ ጥሩ ነው። 21-502 ሹፌሩ ዜብራ ላይ ያለ እግረኛ በእሱ ግማሽ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሌላኛው ግማሽ አጠገቡ ካለው መስመር እየመጣ ከሆነ፣ መቆም አለበት ይላል። ቀስ ማለት ሳይሆን መቆም። ለእግረኛ የቆመን መኪና ከኋላ መጥቶ ማለፍም ክልክል ነው። ዜብራ ሲባል ደግሞ ቀለም የተቀባው ብቻ አይደለም። መስቀለኛ መንገድ ላይ የእግረኛ መንገዱ ወደ ማዶ የሚቀጥልበት ቦታ ቀለም ባይኖረውም በሕጉ ዜብራ ነው። 21-1209 ደግሞ መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ ቢያንስ ሦስት ጫማ፣ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርቀት፣ እንዲተው ያዛል።

ያገኛችኋቸውን ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ "ማይ ኤምጂኤ" የሚባል ነጻ አካውንት ክፈቱ፤ የምትከታተሉትን ረቂቅ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ታስገባላችሁ፣ በኋላ ቃል ለመስጠት የምትመዘገቡትም በእሱ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ሌጂስካን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ብትመዘገቡ ረቂቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኢሜይል ይልክላችኋል። ሁለቱን አብራችሁ ተጠቀሙ። ሃያ ረቂቅ ግን አትያዙ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ በደንብ የተያዘ አንድ ረቂቅ በሩቁ ከሚታይ ሃያ ይሻላል።

ረቂቁን ማንበብ

ሰው የሚፈራው እዚህ ነው። ፎርማቱ ሲገባችሁ ግን አያስፈራም።

የሜሪላንድ ረቂቅ ነባሩን ሕግና አዲሱን አንድ ላይ አድርጎ ያትማል። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈው አዲስ የሚጨመር ነው። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነባሩ ሕግ የሚሰረዝ ነው። በተራ ፊደል ያለው አሁንም በሥራ ላይ ያለ፣ የማይነካ ነው። ስለዚህ አሥር ገጽ ረቂቅ ስታዩ አትደንግጡ፤ ትልልቅ ፊደሎቹንና ቅንፎቹን ብቻ ተከታትላችሁ ብታነቡ የሚለወጠው ነገር አንዳንዴ ሁለት መስመር ነው። ረቂቁ ማሻሻያ ከተደረገበት በኋላ ደግሞ ከሥሩ የተሰመረበት በማሻሻያ የተጨመረ፣ መሐሉ ላይ የተሰመረበት የተሰረዘ ነው። ማሻሻያ ረቂቁን ከውስጥ ሊቀይረው ስለሚችል ይህን ማየት ግዴታ ነው። ቁጥሩና ርዕሱ እንዳለ ሆኖ ለመላው ስቴት የነበረው ለአንድ ካውንቲ ብቻ፣ ትእዛዝ የነበረው ጥናት ይካሄድ ወደ ማለት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በጃንዋሪ ያነበባችሁትን በማርች እንደገና አንብቡ።

ከረቂቁ ጎን "ፊስካል ኤንድ ፖሊሲ ኖት" የሚባል ሰነድ አለ። ጊዜ ካጣችሁ ከረቂቁ ይልቅ ይህን አንብቡ እላለሁ። የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው፤ የየትኛውም ወገን ጠበቆች አይደሉም። ረቂቁ ምን እንደሚያደርግ በተራ እንግሊዝኛ ይነግራችኋል፣ አሁን ያለው ሕግ ምን እንደሚል ያስረዳል፣ ስቴቱንና ካውንቲዎችን ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይገምታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ረቂቅ በቀደሙት ሦስት ዓመታት ቀርቦ እንደሆነና የት እንደቆመ የሚገልጽ ክፍል አለው። ያ ክፍል ወርቅ ነው። ረቂቁ ያለፈው ዓመት በአንዱ ቤት አልፎ በሌላው ኮሚቴ ውስጥ ከቀረ፣ ዘንድሮ የትኛው በር ላይ መቆም እንዳለባችሁ ነገራችሁ ማለት ነው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ አንድ ልስጣችሁ። ብስክሌተኛ ስቶፕ ምልክት ላይ መንገዱ ባዶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ቅድሚያ ሰጥቶ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ደንብ አለ። አይዳሆ በ1982 ጀመረችው፣ ዴላዌር በ2017 ተከተለች፣ የዲሲ ምክር ቤትም በ2022 አጽድቆታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ ዲሲ ናችሁ፤ ማለትም በአንድ ጎዳና ልዩነት ደንቡ ሊለያይ ይችላል። የሜሪላንድ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ባይሲክልና ስቶፕ ሳይን ብላችሁ ፈልጉና ይህ ሐሳብ እዚህ መቼ መቼ እንደቀረበ፣ ማን እንደደገፈው፣ ማን እንደተቃወመው፣ የት እንደቆመ አንብቡ። አንድ ከሰዓት ይወስድባችኋል። ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ አያስቸግራችሁም።

ኮሚቴው፦ ጉዳዩ የሚያልቀው እዚህ ነው

ረቂቅ በቀረበ ቀን "ፈርስት ሪዲንግ" ይባልና ወደ ኮሚቴ ይመራል። በዴሌጌቶች ምክር ቤት የመንገድ ሕግ የሚሄደው ኢንቫይሮንመንት ኤንድ ትራንስፖርቴሽን ወደሚባለው ኮሚቴ ነው። በሴኔት ግን ብዙ ሰው የትራንስፖርት ኮሚቴ ፈልጎ ያጣል፣ ምክንያቱም በዚያ ስም የለም። የትራፊክ ሕግ የሚታየው ጁዲሻል ፕሮሲዲንግስ በሚባለው፣ የፍርድ ቤትና የወንጀል ጉዳዮችን በሚያይ ኮሚቴ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። እነዚህ ሴናተሮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት "ፖሊስ ይህን እንዴት ያስፈጽማል? ፍርድ ቤት እንዴት ያየዋል? ቅጣቱ ተመጣጣኝ ነው?" የሚል ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ቤቶች አንድ ዓይነት ወረቀት አትላኩ። ለዴሌጌቶቹ ስለ መንገዱ ንገሩ፣ ለሴናተሮቹ ስለ ፍትሑም ጨምሩ።

በሜሪላንድ ልማድ ሆኖ ረቂቅ ሁሉ ለማለት ይቻላል አስተያየት ይሰማበታል። ይህ ሂሪንግ የሚሉት ነው። ቀኑ ረቂቁ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ስብሰባው በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል፣ በኋላም ተቀድቶ ይቀመጣል። ሂሪንግ መኖሩ ግን ምንም ዋስትና አይደለም። ድምፅ እንዲሰጥበት የሚያደርገው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ሰብሳቢው ለድምፅ ካላቀረበው ረቂቁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ረቂቁ ገጽ ላይ ታሪኩን ስታዩ የመጨረሻው መስመር "ሂሪንግ" የሚል ቀን ሆኖ ሳምንታት ካለፉ፣ እየሞተ ነው ማለት ነው። ኢሜይል የምትልኩት፣ ስልክ የምትደውሉት፣ ጎረቤት የምታስተባብሩት ያኔ ነው። ከሂሪንጉ ማግስት ጀምሮ እስከ ክሮስኦቨር ያሉት ሳምንታት ከየትኛውም ጊዜ ይበልጣሉ።

ለማን ትደውላላችሁ? ቅድም ኮሚቴያቸውን እዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የእናንተ ዴሌጌት ወይም ሴናተር የዚያ ኮሚቴ አባል ከሆነ ስልካችሁ ክብደት አለው፤ የዲስትሪክቱ ነዋሪ ናችሁና። አባል ካልሆነ ግን እሱን "ለኮሚቴው ሰብሳቢ ይንገሩልን" ብላችሁ ጠይቁት። ሰብሳቢውን በቀጥታ መጻፍም ይቻላል። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ የረቂቁ ቁጥር፣ የምትኖሩበት አካባቢ፣ ለድምፅ ይቅረብልን የሚል ጥያቄ። ስልኩን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ነው፤ ቁጥሩንና አቋማችሁን ይመዘግባል። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር ግድ የለም።

ኮሚቴው ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ ረቂቁ ገጽ ላይ በአባላት ስም ይወጣል። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ ታያላችሁ። አስቀምጡት፣ ለምርጫ ዓመት ያስፈልጋል።

ቃል መስጠት

ዜግነት አይጠየቅም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ፣ ተማሪ፣ ማንም ቃሉን ማሰማት ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በጽሑፍ የምታስገቡት ምስክርነት ከስማችሁ ጋር ድረ ገጹ ላይ ይወጣል፣ ማንም ያነበዋል። ስለዚህ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የልጅ ሙሉ ስም፣ የሕክምና ወይም የኢሚግሬሽን ዝርዝር አትጻፉበት። ስሙ አደባባይ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው ለወኪሉ ስልክ ቢደውል ወይም በማኅበር ስም በሚገባ ደብዳቤ ውስጥ ሐሳቡን ቢያካፍል ይሻለዋል።

ምዝገባው በማይ ኤምጂኤ አካውንታችሁ ነው። መመዝገቢያው ጊዜ ጠባብ ነው፤ ከሂሪንጉ ቀደም ብሎ ይከፈትና ቶሎ ይዘጋል፣ በሂሪንጉ ጠዋት ልመዝገብ ማለት አይቻልም። የሁለቱ ቤቶች ደንብ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ኮሚቴ ገጽ ላይ ያለውን መመሪያ ቀድማችሁ አንብቡ። ስትመዘገቡ አቋማችሁን ትመርጣላችሁ፦ ደጋፊ፣ በማሻሻያ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ወይም ለመረጃ ብቻ። "በማሻሻያ ደጋፊ" ብላችሁ ከመረጣችሁ ማሻሻያው ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ፤ ያለዚያ ግማሽ ተቃዋሚ መስላችሁ ትታያላችሁ። የጽሑፉን ምስክርነት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ታያይዛላችሁ። በቃል ከሆነ የሚሰጣችሁ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን ይባላል? ስለ ትራፊክ አደጋ በአጠቃላይ አትናገሩ፤ ቁጥሩን ከእናንተ በተሻለ የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ። እናንተ ብቻ የምታውቁትን ቦታ ንገሯቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

"የምኖረው ዊተን ነው። ይህን ረቂቅ እደግፋለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ባሱ የሚያወርደኝ መብራት ከሌለበት ቦታ ነው። ቅርቡ ዜብራ ሩቅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ባለበት ይሻገራል። ክረምት ላይ ይጨልማል፣ መኪናው ይፈጥናል። እዚያ የሚሻገሩት አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሆቴልና ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ረቂቅ ለዚያ ቦታ የሚያመጣው ለውጥ አለ፤ ደግፋችሁ እንድታሳልፉት እጠይቃለሁ።"

ይኸው ነው። ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስመልሱት፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ፎቶ ካላችሁ በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ፤ ባዶ ሣር ላይ የተተከለ የባስ ምልክት ፎቶ ከብዙ አንቀጽ በላይ ይናገራል። ሹፌር ከሆናችሁም ኑ። ኡበር፣ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው መጥቶ "ይህ መስቀለኛ ላይ እግረኛውን ማየት አልችልም፣ አሠራሩ ስህተት ነው" ሲል ኮሚቴው ጆሮውን ይሰጣል፤ እግረኛውና ሹፌሩ ተቃራኒ ወገን እንዳልሆኑ የሚያሳያቸው እሱ ነው።

ብቻችሁን መጀመር ከከበዳችሁ ይህን ሥራ በየዓመቱ የሚሠሩ አሉ። ባይክ ሜሪላንድ እና የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበር፣ ዋባ የሚባለው፣ የሚደግፏቸውን ረቂቆች ይከታተላሉ፣ ሰው ያስተባብራሉ። ፋሚሊስ ፎር ሴፍ ስትሪትስ ደግሞ በመንገድ አደጋ ቤተሰብ ያጡ ወይም የተጎዱ ሰዎች ስብስብ ነው። ከእነሱ ጋር መሄድ ጥሩ ነው፣ ግን የእነሱን የተዘጋጀ ደብዳቤ ስም ቀይራችሁ ብቻ አትላኩ። አንድ ዓይነት ሃምሳ ደብዳቤ ሲደርስ እንደ አንድ ይነበባል።

ከኮሚቴ ከወጣ በኋላ

እዚህ ፈጠን ልበል። ኮሚቴው ከደገፈው ረቂቁ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። "ሰከንድ ሪዲንግ" ላይ ማሻሻያ ይጨመራል፣ "ተርድ ሪዲንግ" ላይ የመጨረሻው ድምፅ በስም ይመዘገባል። ለማለፍ በሴኔት 24፣ በዴሌጌቶች ምክር ቤት 71 ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ሌላኛው ቤት ተሻግሮ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል፤ ኮሚቴ፣ ሂሪንግ፣ ድምፅ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው የመጀመሪያው ቤት ሲያልፍ ነው። "አለፈ" የሚል ዜና ቴሌግራም ላይ ሲዞር ሁለተኛው ቤት ኮሚቴ ውስጥ ገና አልተነካም። ክሮስፋይል ካለው እንኳ ሁለቱ የተለያየ ማሻሻያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ካልተስማሙ ሁለቱም ይቀራሉ።

ሁለቱም ቤቶች ካሳለፉት ወደ ገዥው ይሄዳል። ገዥው ይፈርማል፣ ይሽራል፣ ወይም ሳይፈርም ሕግ እንዲሆን ይተወዋል። የተሻረውን መልሶ ለማጽደቅ በሁለቱም ቤቶች ሦስት አምስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

መቼ ሥራ ላይ ይውላል?

ይህን ሳያጣሩ ወሬ ማሠራጨት አይገባም። አብዛኛው የሜሪላንድ ሕግ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። ገንዘብ ነክ የሆነው ጁላይ 1 ሊሆን ይችላል። ቀኑ ረቂቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል።

ምሳሌ ላምጣ። በ2021 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለ፤ በግዴለሽነት ወይም ትኩረቱ ተበትኖ ነድቶ እግረኛን፣ ብስክሌተኛን ወይም ሌላ መከላከያ የሌለውን ሰው ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የዳረገ ሹፌር እስከ 2,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊጣልበት ይችላል። ከዚያ በኦገስት 2022 ሳራ ዴቢንክ ላንገንካምፕ የተባለች አሜሪካዊት ዲፕሎማት ከዩክሬን ከተመለሰች በኋላ ቤተዝዳ ውስጥ በብስክሌት መስመር ላይ እየነዳች ሳለ በከባድ መኪና ተገጭታ ሞተች። ሪቨር ሮድ ላይ ነው። በ2024 በስሟ የተሰየመው ሕግ ወጣ፤ በብስክሌት መስመር ላይ ላለ ብስክሌተኛ ቅድሚያ ሳይሰጥ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የዳረገ ሹፌር እስከ ሁለት ወር እስራትና እስከ 2,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ብታነቡ ሕግ በአንድ ጊዜ እንደማይሠራ፣ ደረጃ በደረጃ እንደሚጨመር ታያላችሁ። የመጀመሪያው ያልሸፈነውን ሁለተኛው ያዘ።

ሌላው ብዙዎቻችንን ኪስ ውስጥ ያገኘን ነው። የፍጥነት ካሜራ ቅጣት ለሁሉም እኩል 40 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንደ ፍጥነቱ መጠን ከ40 ዶላር ተነሥቶ እስከ 425 ዶላር ይደርሳል። ይህ ረቂቅ በዚያው ዓመት ስብሰባ ላይ በግልጽ ሂሪንግ ተደርጎበት ነው ያለፈው። እኔ ለውጡን እደግፈዋለሁ፤ 12 ማይል አልፎ የነዳና 40 ማይል አልፎ የነዳ አንድ ዓይነት መከፈሉ ትክክል አልነበረም። የሚቆጨኝ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውሉ ወገኖቻችን ዜናውን ከፖስታ ሳጥን ውስጥ ማግኘታቸው ነው። የምትከታተሉት ሕግ ሲያልፍ ከመስከረም ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕድርና በሹፌሮች ግሩፕ ውስጥ አሳውቁ፤ የሚጀምርበትን ቀንና የቅጣቱን መጠን ከረቂቁ ቀድታችሁ።

ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ

ስብሰባው ሲዘጋ ሥራው አይዘጋም፤ በእኔ ግምት እንዲያውም ቀላሉ ጊዜ ይህ ነው። ወኪሎቻችሁ ከአናፖሊስ ተመልሰው ሰፈራችሁ ውስጥ ናቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ ለቀጣዩ ጃንዋሪ የሚያቀርቡትን ረቂቅ የሚያስቡትም በበጋና በመኸር ነው። ቡና ጠጡ አብረዋቸው። መንገዱን በእግር አሳዩዋቸው። ነገሩን ቢሮ ውስጥ ብቻ የሰማ ዴሌጌት ቪርስ ሚል ሮድን አንዴ በራሱ እግር ሲያቋርጠው ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

በዚያው ወቅት ሁለት ነገሮች አያምልጧችሁ። አንደኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዴሌጌሽን ነው። ካውንቲውን የሚወክሉ የስቴት ምክር ቤት አባላት ለካውንቲው ብቻ የሚሆኑ ረቂቆችን ቀድመው ያያሉ፣ ዲሴምበር አካባቢም የሕዝብ አስተያየት ይሰማሉ። እነዚህ ረቂቆች "ኤምሲ" በሚል ፊደል ይቆጠራሉ። ለካውንቲያችን ብቻ የሚሆን የመንገድ ደህንነት ረቂቅ ካለ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ተመዝግቦ የሚመጣው ሰውም ከአናፖሊሱ ያነሰ ስለሆነ ቃላችሁ ይሰማል።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ቅጣት የሚያጠብቅ ሕግ ስቴቱን ብዙ አያስወጣም፣ ስለዚህ ማለፉ ይቀላል። የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ከመኪና በግንብ የተለየ የብስክሌት መስመር ግን ገንዘብ ይፈልጋል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቅጣት የሚመጣው ሰው ከተገጨ በኋላ ነውና። ስቴቱ መንገድ ላይ ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ለስድስት ዓመት አስቀድሞ የሚያሳይ ሰነድ አለው፣ ኮንሶሊዴትድ ትራንስፖርቴሽን ፕሮግራም ይባላል። የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ መኸር ላይ ይህን ረቂቅ ሰነድ ይዞ በ23ቱም ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ እየዞረ ያቀርባል። ካውንቲዎቹም በበኩላቸው ቅድሚያ የሚሰጡትን ሥራ በደብዳቤ ለስቴቱ ይልካሉ። ሰነዱን አውርዱ፣ የእናንተን መንገድ ስም ፈልጉ። ከሌለ፣ ለካውንቲ ምክር ቤት አባላችሁ ጻፉና በሚቀጥለው የቅድሚያ ደብዳቤ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ካለ፣ ገንዘቡ ለጥናት ነው ወይስ ለግንባታ የሚለውን እዩ። ለጥናት ብቻ ከሆነ የግንባታው ዓመት መቼ እንደሆነ በስብሰባው ላይ ተነሥታችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ።